ጋሽ ተለጠፈ እና ሁለተኛው አንባቢ

የጋሽ ተለጠፈ አንድ ተራ ቀን ምን ያህል ወጪ እንዳለው ቁጭ ብዬ አስልቼ አውቃለሁ። ከማለዳ እስከ ምሳ አንድ ሙሉ የስልክ ባትሪ ይሄዳል። ከምሳ በኋላ ደግሞ እንደገና የተሞላው ይሄዳል። የምክር ቤቱን ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚያልቅ የጫማ ሶል አለ፤ እሱን ጫማ ሠሪው ያውቀዋል። ከባለቤታቸው ጋር አንድ ቀለል ያለ ጭቅጭቅ፣ ከምክር ቤቱ ጸሐፊ ጋር አንድ ከበድ ያለ ጭቅጭቅ፣ ከኔትወርኩ ጋር ደግሞ ቀኑን ሙሉ የማያባራ ጭቅጭቅ ይወጣል። ሳይጠጣ የቀዘቀዘ ሻይም ከወጪው ይደመራል። ከዚህ ሁሉ ወጪ የሚገኘው ገቢ አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፦

«ተለጠፈ ወይ?»

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንድ ቦታ ሰፈር ለመባል መንገድ፣ ዳቦ ቤት፣ ያለምክንያት የሚጮህ ውሻና አንድ ጋሽ ተለጠፈ ያስፈልጉታል። መንገዱ ሊበላሽ ይችላል፣ ዳቦው ሊያልቅ ይችላል፣ ውሻውም አንዳንዴ ይተኛል። ጋሽ ተለጠፈ ግን አይበላሹም፣ አያልቁም፣ አይተኙም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ምክር ቤት አንድ የአሠራር ደንብ አለው። ስብሰባ ላይ የሚቀርብ ማንኛውም ሰነድ፣ አጀንዳም ይሁን ጥናት፣ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤም ቢሆን፣ ከስብሰባው ሦስት ቀን ሙሉ አስቀድሞ በማስታወቂያ ሰሌዳውና በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ መለጠፍ አለበት። ያልተለጠፈ ነገር አይወሰንበትም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች በጭብጨባ አጸደቁትና ረሱት። እኛም ተከትለን ረሳነው። አንድ ሰው ብቻ አልረሳም፤ ስሙንም ከዚያው አገኘ። ወላጆቻቸው እርግጥ ሌላ ስም አውጥተውላቸው ነበር፤ እሱን ዛሬ የሚያስታውሱት ባለቤታቸውና የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ይመስሉኛል።

እስካሁን በሳቅ ነበር የኖርነው። አሁን ግን ነገሩ ከሳቅ አልፏል፤ ገጹ ሊዘጋ ነው። «አንባቢ ስለሌለው ሰነድ ድረ ገጽ ላይ መለጠፍ ይቅር» የሚል ሐሳብ ለምክር ቤቱ ቀርቧል። የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ እስክሪብቶ ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን ክቡርነታቸውን ላስተዋውቃችሁ።

ክቡር ጋሽ ተለጠፈ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውቶቡስ መናኸሪያ አስተዋዋቂ ነበሩ። በድምፅ ማጉያ «ተሳፋሪዎች፣ ትኩረት» ሲሉ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ማጉያውን አስረከቡ፤ ድምፁን ግን ይዘውት ወጡ። ዳቦ ቤት ገብተው «ሁለት ዳቦ» ሲሉ ዳቦዎቹ ከአምስተኛው በር የሚነሱ ይመስላል። የምክር ቤቱ ኮሪደር ላይ «ተለጠፈ ወይ?» ብለው የጠየቁ ዕለት፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ብድግ ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ አንድ ወረቀት ባይለጠፍ ምን ይመጣል?»

«የኔ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ሳይነገርለት የወጣ አውቶቡስ ሄደ አይባልም። አመለጠ ነው የሚባለው።»

የምክር ቤቱ ጸሐፊ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ሥራዋን የምትወድ ሴት ናት፤ ጋሽ ተለጠፈ ግን የሥራዋ አካል መሆናቸውን እስከ ዛሬ አምና አልተቀበለችም። ጠዋት ጠዋት ልጄን እዚያው ሕንፃ ውስጥ ያለው የሕፃናት ማቆያ ሳደርስ ስለምሰማቸው ንግግራቸውን በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ተለጠፈ ወይ?»

«ጋሼ፣ ቦርሳዬን እንኳ አላስቀመጥኩም።»

«ቦርሳሽን መች ጠየቅኩ? ሰነዱን ነው።»

«ኮምፒውተሩ ገና እየተነሳ ነው።»

«ይነሳ። እሱ እስኪነሳ እኔ ልቀመጥ።»

ይቀመጣሉም። የሚጠብቅ ሰው ከኋላ ሆኖ ሲተነፍስ መተየብ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። አንድ ቀን ጸሐፊዋ መረራትና ሰነዱን በጎኑ አጋድማ ለጠፈችው። ጋሽ ተለጠፈ ሊያነቡት ስልካቸውን ወደ ጎን ሲያዞሩ ገጹም አብሮ ዞረ። ሲመልሱት አብሮ ተመለሰ። በመጨረሻ ስልኩን ብርጭቆ አስደግፈው አቆሙትና እሳቸው ሶፋው ላይ በጎናቸው ተጋድመው ሰነዱን እስከ ፊርማው ድረስ አነበቡ። ሳምንቱን ሙሉ አንገታቸው ወደ ትከሻቸው እንዳዘነበለ ከረመ። መንገድ ላይ ያያቸው ሰው ሐዘን የገጠማቸው እየመሰለው «ምነው ጋሼ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» ይላል። «ደህና ነኝ፣» ይላሉ፤ «ተለጥፏል።»

ደንቡን ከምክር ቤቱ አልፈው ለዘመድ አዝማድም ይጠቀሙበታል። የእህታቸው ልጅ ስትሞሸር የጥሪ ካርዱ ዘግይቶ ደረሳቸው። ካርዱን ግራ ቀኝ አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስላልሞላው ጋብቻው ለሌላ ጊዜ መተላለፍ እንዳለበት ለሙሽራዋ አባት በስልክ አሳወቁ። የሙሽራዋ አባት የመለሱላቸውን እዚህ መጻፍ አይቻልም። ሠርጉ ላይ ተገኙ፤ ጨፈሩም። ግን «በተቃውሞ ነው የጨፈርኩት» ይላሉ።

ባለቤታቸውን እትዬ እላቸዋለሁ። የሚኖሩት ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ስለሆነ ልብስ የምናሰጣው በአንድ ገመድ ነው። የሰው ጉድ የሚወጣው ደግሞ ልብስ ሲሰጣ ነው።

«ሌላ ሴት ወዶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣» አሉኝ አንድ ቀን፣ መቆንጠጫውን በጥርሳቸው እንደያዙ። «መልኳን አይቼ፣ ወይ እበልጣታለሁ ወይ ትበልጠኛለች ብዬ እገላገል ነበር። ይቺ ግን ስሟ ፒዲኤፍ ነው። በምኗ ልቅናባት?»

«ጥሩ ነገር እየሠሩ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ለማን?»

«ለሁላችንም።»

«ሁላችሁ የታላችሁ ታዲያ? እኔ የማየው እሱንና ቻርጀሩን ነው።»

የልጄን ካልሲ ደግሜ ጨመቅኩት።

ጋሽ ተለጠፈ ያነበቡትን ለራሳቸው ቢይዙት ኖሮ ብዙ ሰው ይወዳቸው ነበር። እሳቸው ግን ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ያውጁታል። «ትኩረት። ተራ ቁጥር ሦስት፣ የመንገድ መብራት ጥገና። ተራ ቁጥር አራት፣ የቆሻሻ መኪና የሚመጣበት ቀን ስለመለወጥ።» ከዚያ ከኋላ አንዱ «ጋሼ፣ ዳቦው ከየትኛው በር እንደሚነሳ እሱን ይንገሩን» ይላል፤ ሰው ይስቃል። እሳቸው አይቀየሙም። በሳምንቱ ቆሻሻችንን በድሮው ቀን አውጥተን መኪናው ሳይመጣ ሲቀር፣ ድመቶቹም መንገዱን ሲያለብሱት፣ በመካከላችን ቀስ ብለው ያልፋሉ። አንድም ቃል አይናገሩም። ያስላሉ ብቻ። «ተለጥፎ ነበር» የሚል ሳል ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል።

አሁን ስለ ጀርባዬ ልንገራችሁ።

አንድ ጊዜ ጋሽ ተለጠፈ ሰሌዳው ላይ ያለው ወረቀትና ገጹ ላይ ያለው ሰነድ በአንድ ቦታ እንደማይመሳሰሉ ደረሱበትና ጸሐፊዋን ሲሞግቷት ዋሉ። እሷም መላ መታች። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን መጀመሪያ መንገድ ዳር ባለው፣ ባለመስታወቱ ሰሌዳ ውስጥ ትለጥፈዋለች። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቆማ ሰሌዳውን ራሱን በስልኳ ፎቶ ታነሳና ገጹ ላይ የምትለጥፈው ያንን ፎቶ ነው። ስካነሩ ጠረጴዛዋ ላይ አቧራ እየጠጣ ተቀምጧል። «አሁን ልዩነት ካገኙ ይጥሩኝ» አለቻቸው።

ልዩነት አልተገኘም። ግን መስታወት መስታወት ነውና ከአጀንዳው ጋር የመንገዱ ግማሽ አብሮ ይወጣል፤ የዳቦ ቤቱ በር፣ የሚያልፍ ብስክሌት፣ የጸሐፊዋ ክርን። ስለ ፍሳሽ ማስወገጃ የሚያወራው አንቀጽ መሃል አንድ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ ያየሁበት ጊዜ አለ።

ልጄ የምትውልበት ማቆያ በምክር ቤቱ ሕንፃ ምድር ወለል ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። እኔ ከመንገዱ ማዶ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። ያቺ ክፍል ከሌለች ሥራዬም የለም፤ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ እግር ሥር እየዞረች መርፌና መቀስ አይያዝም።

አንድ ረቡዕ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ተለጠፈ ናቸው፤ ስልካቸውን እንደ እጅ ባትሪ ወደፊት ዘርግተው ቆመዋል።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ ዙሪ።»

«ምነው ጋሼ?»

«ዙሪ ብቻ። ጀርባሽን ልየው።»

ከውስጥ የልጄ አባት በኃይል ጉሮሮውን ጠረገ።

ዞርኩ። ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ስልኩን አዩ። ከዚያ ለእኔም አሳዩኝ። የነገው የሐሙስ ስብሰባ አጀንዳ ነው። በተራ ቁጥር አምስትና በተራ ቁጥር ስድስት መካከል፣ መስታወቱ ውስጥ፣ የአንዲት ሴት ጀርባ ይታያል። ጀርባዋ ላይ ሕፃን ታዝላለች። የሕፃኗ አንድ እግር ጫማ የለውም።

«ይሄ ጀርባ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«የታዘለችውስ?»

«የኔው ናት። ጫማዋን ጥላ የወጣችበት ቀን ነው።»

«መቼ ነበር?»

«ትናንት፣ ከማቆያ ሳወጣት። ሌላኛውን ጫማ ፍለጋ ተመልሼ ሁሉ ሄጃለሁ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥሩ ዜማ የሚሰሙ ይመስሉ ነበር። «ገጹ ሰኞ ጠዋት ተለጠፈ ነው የሚለው» አሉ ቀስ ብለው። «ሰኞ ስከፍተው አልነበረም፤ ማስረጃ ግን አልነበረኝም። እናንተ ግን ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ከነጫማችሁ... ከነባዶ እግራችሁ ውስጡ አላችሁ። ሦስት ቀን አልሞላም።»

የሰው ባል በጠዋት እያስደነገጡ እንዲህ በደስታ ማብራታቸው አሳቀኝ። ለጨዋታ ያህል «ለመሆኑ ምንድን ነው አጀንዳው?» አልኳቸው።

«ተራ ቁጥር ስድስት፣» አሉ በመናኸሪያ ድምፃቸው፣ «የምድር ወለሉን ክፍል ለመዝገብ ማስቀመጫነት ስለማዋል።»

ስልኩን ከእጃቸው ወስጄ ደግሜ አነበብኩት። «ማቆያ» የሚል ቃል የለበትም። «ሕፃናት» የሚል ቃልም የለበትም። የምድር ወለሉ ክፍል ግን አንድ ነው፤ የልጄ ጫማ የቀረበት።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ ጋሽ ተለጠፈ ስልካቸውን ይዘው ተነሱ፤ እኔም ልጄን አዝዬ ለማስረጃነት ጀርባዬን ለጉባኤው ሰጥቼ ቆምኩ። ሊቀመንበሩ ቆጣ አሉ።

«የሰው ጀርባ አይተን ስብሰባ አናስተላልፍም።»

«ጀርባው ይቅር፣ ጫማውን ይመልከቱ» አሉ ጋሽ ተለጠፈ።

ይህን ጊዜ ጸሐፊዋ እጇን አወጣች። «ፎቶውን ማክሰኞ ነው ያነሳሁት። ሰኞ ወረቀት አልቆ ነበር» አለች። እንዳለችው ራሷም ደነገጠች። ጋሽ ተለጠፈ ዞር ብለው በኩራት አዩዋት፤ ልጃቸው የተመረቀች ይመስል ነበር።

ተራ ቁጥር ስድስት ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። በሚቀጥለው ስብሰባ እናቶች ሁሉ ልጆቻችንን ይዘን ገባን። ማናችንም ንግግር ማድረግ አላስፈለገንም፤ ልጆቹ አደረጉልን። መዝገቡ እስከ ዛሬ ኮሪደር ላይ ነው። ልጄም ክፍሏ ውስጥ ናት።

ከዚያ ወዲያ ዳቦ ሰልፍ ላይ በጋሽ ተለጠፈ ሲሳቅ እኔ ሳቄን ቀነስኩ። አልተውኩም፤ ቀነስኩ።

እንግዲህ ወደ ገጹ መዘጋት ደረስን። ከጥቂት ሳምንት በፊት ጠዋት በሬ ተንኳኳና ከፈትኩ። ጋሽ ተለጠፈ ናቸው፤ ግን ድምፃቸው የለም። በሹክሹክታ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሊዘጉት ነው።»

የተለጠፈውን አነበቡልኝ። ገጹን መያዝ የጽሕፈት ቤቱን ጊዜ ስለሚበላ፣ በዓመት ውስጥ የከፈቱት ሁለት ስልኮች ብቻ መሆናቸውም በቆጣሪው ስለተረጋገጠ፣ ሰነድ በድረ ገጽ የመለጠፍ ግዴታ ከደንቡ እንዲወጣ። ሰሌዳው ይበቃል።

ሊያለቅሱ ነው ብዬ ነበር። ቀና ስል ዓይናቸው ያበራል።

«ሁለት፣» አሉኝ። «አየሽ? ሁለት ነው የሚለው። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አለ።»

«ይኖራል፣ ጋሼ።»

«መናኸሪያው ውስጥ የምቀመጥባት ክፍል መስኮቷ ወደ ግድግዳ ነበር። አውቶቡሱ ሊነሳ ነው እላለሁ። ይሞላል፣ ይነሳል። ሰምተውኝ ነው የገቡት ወይስ አይተው? ያን ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አላወቅሁም።» ስልኩን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉት። «አሁን ግን አንድ ሰው አለ። በቆጣሪ የተረጋገጠ።»

እስከ ስብሰባው ድረስ ሥራቸው ያን ሰው መፈለግ ሆነ። መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪውን ያዙት።

«ሊጡ እስኪነሳ ምን ታነባለህ?»

«እጄ እኮ ሊጥ ነው ጋሼ። ስልኩን በምኔ ልንካው?»

ተሰረዘ። ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሙ ተጠረጠረ፤ መነጽር ስላለውና ሰላምታ ስለሚያሳጥር። አፋቸውን ከፍተው ወንበሩ ላይ እንደተጋደሙ መረመሩት፤ እሱ የሰማው «አአ» የሚል ብቻ ስለነበር ምርመራው አልሰመረም። ሊቀመንበሩን ራሳቸውን ሲጠረጥሩ ጸሐፊዋ ሳቀች። «እሳቸው አጀንዳውን የሚያዩት ስብሰባ ላይ ነው» አለች።

እኔ ዝም አልኩ። ለእናንተም እስካሁን ዝም ያልኩት፣ ከእሳቸው ቀድማችሁ ብታውቁ ነውር ስለመሰለኝ ነው። ሁለተኛው አንባቢ እኔ ነኝ። ከጫማው ሰሞን ጀምሮ፣ ልጄን በቀኝ እጄ ቁርሷን እያጎረስኩ በግራ እጄ ገጹን እከፍታለሁ። የሚያዛጋውን ሰውዬ ሌላ የት አየሁት ብላችሁ ነው?

ለምን እንዳልነገርኳቸው ከጠየቃችሁኝ፣ ስለማውቃቸው ነዋ። የነገርኳቸው ዕለት ኑሮዬ አለቀ፤ ጠዋት «ተራ ቁጥር ሦስትን አየሽው?»፣ ማታ «ተራ ቁጥር አራትን እንዴት አገኘሽው?» ነው። ልጅ፣ ባልና የሰው ሱሪ የተከመረባት ሴት ሌላ የቤት ሥራ አትጨምርም። ደግሞም እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ የሚፈልጉትን ሰው ማግኘት ፍለጋውን ያበላሽባቸዋል ብዬ ፈራሁ።

ስብሰባው ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ግማሹ ሰው ሐሳቡን ሊሰማ መጣ፤ ግማሹ ጋሽ ተለጠፈን ሊሰማ።

«ሁለት ሰው ሕዝብ አይባልም» አሉ ሊቀመንበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጸሐፊዋን ማሳረፍ ነው የፈለጉት።

«የማለዳው አውቶቡስ በአንድ ተሳፋሪ የሚወጣበት ቀን ነበር፣» አሉ ጋሽ ተለጠፈ። «ለዚያ ለአንዱም ሙሉውን ነው የምናገረው። ግማሹን ተናግሬ አላውቅም።»

«እሺ ጋሼ፣ አንዱ እርስዎ ነዎት። ሌላውስ ማነው? ካለ ይነሳ። ከሌለ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎው በሌላ ስልክ ከፍተውት ይሆናል።»

አዳራሹ ሳቀ። ጋሽ ተለጠፈ አልሳቁም። ወደ ኋላ ዞረው ሰዉን አንድ በአንድ ያዩ ጀመር። ዳቦ ጋጋሪው አቀረቀረ። የጥርስ ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። የሳቸውም ፊት፣ ረድፍ ባለፈ ቁጥር፣ መብራቱ እየቀነሰ ሲሄድ አየሁት።

ተቀምጬ መቅረት አልቻልኩም። ልጄን አቅፌ ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳላስበው ቀጠልኩ። «ሰሌዳው ይበቃል ተብሏል። በሰሌዳው ፊት ለፊት በቀን ሁለቴ አልፋለሁ። ግን በጀርባዬ ነው የማልፈው፤ ፎቶው ገጻችሁ ላይ አለ። ልጅ ያዘለች ሴት መንገድ ዳር ቆማ አጀንዳ አታነብም። እቤቴ ግን ልጄን እያበላሁ አነበዋለሁ። እሱንም ከዘጋችሁት፣ የሚቀጥለው ክፍል ሲወሰድ የምሰማው በሩ ሲቆለፍብኝ ነው።»

ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊዋ አዩ። ጸሐፊዋ ወደ ጣሪያው አየች፤ ከዚያ «ስካነሩን ብጠቀም ያን ያህል ጊዜ አይወስድም» አለች።

በመጨረሻ የተወሰነው ይህ ነው፦ ጉዳዩ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ይቆይ። እስከዚያ ቆጣሪው ይታይ። ቁጥሩ ከሁለት ካለፈ ገጹ ይኖራል፤ እዚያው ከቆመ ግን ይዘጋል። «ካለፈ ስንል ደግሞ በደንብ ካለፈ ነው» ብለው ሊቀመንበሩ አከሉበት።

ወደ ቤት አብረን ሄድን። ደረጃው ላይ ስንደርስ ጋሽ ተለጠፈ ቆሙ፤ ልጄን አዩ፣ ጫማዎቿን አዩ፣ ሁለቱም መኖራቸውን አረጋገጡ። እንግዲህ አንድ ትልቅ ነገር ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«የኔ ልጅ፣» አሉ፣ «ተራ ቁጥር ሦስትን ግን እንዴት አገኘሽው?»

ይኸው አላልኳችሁም?

ትናንት ጠዋት ቆጣሪው ሦስት አለ። ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ወርደው በሬን ደበደቡት። «ሦስተኛ ሰው አለ» ብለው እንደገና ወደ ጥርስ ሐኪሙ ሄዱ። ሦስተኛው ሰው ማን እንደሆነ ግን እኔ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ልብስ ስናሰጣ እትዬ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጠየቁኝ።

«ያቺ ፒዲኤፍ የምትባለዋ በየት በኩል ነው የምትከፈተው?»

አሳየኋቸው። ስልካቸውን ራቅ፣ ቀረብ እያደረጉ አዩዋት። «ይቺን ነው እንዴ?» አሉ። «መልክም የላት።» ከዚያ መቆንጠጫውን ከጥርሳቸው አውጥተው እስከ ታች ድረስ አነበቧት። እትዬ፣ ምሥጢርዎን እዚህ ስላወጣሁት ይቅር ይበሉኝ። ጋሼ እንደሆነ አያዩትም፤ ምክር ቤቱ ያልለጠፈውን ነገር ለማንበብ ጊዜ የላቸውም።

ሦስት ግን «በደንብ ካለፈ» አይባልም። ይህን ጽሑፍ ልጽፍ መሆኑን ስነግራቸው ስለ ራሳቸው አንድ ቃል እንድጽፍ አልፈለጉም፤ እሱን እምቢ ብያቸዋለሁ። የለመኑኝ አንድ ነገር ነው፤ የእኛን ሰፈር ብቻ አስበው እንዳይመስላችሁ፣ ይህን መልእክታቸውን ለእያንዳንዳችሁ እንዳደርስላቸው። አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም።

«ተሳፋሪዎች፣ ትኩረት። ዛሬ የየሰፈራችሁን ምክር ቤት ገጽ አንዴ ክፈቱት። ጊዜ ከሌላችሁ አታንብቡት፤ ክፈቱት ብቻ። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር የሚያየው ሰው በዚያ በኩል ተቀምጧል። መስኮቱ ወደ ግድግዳ ነው።»